ወንዙ የፌዴራል፣ ጎርፉ የቀበሌ

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ከተማ አጠገብ በሚያልፈው የላህ ወንዝ ላይ የውሃ ከፍታ መለኪያ ጣቢያ አለ። አሠራሩ ምንም ውስብስብ ነገር የለውም። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ወንዙ ዳር ይተከላል፤ በአካባቢው የሚኖር አንባቢ ጧት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ያያል፣ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፣ ይመለሳል። ጅጋ አቅራቢያ በብር ወንዝ፣ ደምበጫ አቅራቢያ በተምጫ ላይም እንዲሁ ነው። በበጋ ይህ በቂ ነው፤ ወንዙ ከጧት እስከ ማታ ብዙም አይለዋወጥም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል፣ ዶፉ አመሻሹ ላይ ይወርዳል፣ ሙላቱ የሚመጣው ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከጅጋ በላይ ያለው የብር ተፋሰስ ስፋቱ 978 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደምበጫ በላይ ያለው የተምጫ ደግሞ 406 ገደማ ነው። በዚህ ስፋት ላይ የጣለ ዝናብ ወንዙን በሰዓታት ውስጥ አስሞልቶ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። አንባቢው በማግስቱ ሲወርድ የሚያገኘው የጎደለ ወንዝና ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ ነው። መዝገቡ ላይ የሚገባውም ያ የጎደለው ቁጥር ነው። ድልድይ የሚነድፈው፣ የመስኖ ጠለፋ የሚቀይሰው፣ ለጎርፍ መከላከያ በጀት የሚጠይቀው ሁሉ ደግሞ የሚነሣው ከዚሁ መዝገብ ነው።

ስለ ጎርፍ መከላከያ ገንዘብ ሲወራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ መጠኑ ላይ ያርፋል። በጀቱ አነሰ፣ አገሪቱ ድሃ ናት፣ የለጋሾች እጅ አጠረ ይባላል። አንዱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን እስከ ደምበጫ ባለው ገጠር ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ የሚጎዳው ገንዘቡ የሚመጣበት ጊዜና የሚቆጠርበት መንገድ ነው። መንግሥት ለውሃ ሥራ ያወጣውን የሚቆጣጠረው ሥራው ተጠናቀቀ በተባለ ቀን ነው፤ ውሃው ሥራውን መፈተን የሚጀምረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ የቁጥጥሩ ጥያቄ «ስንት ሄክታር ተሸፈነ?» ከሚለው ወጥቶ «ከሦስት ክረምት በኋላ ምን ቆሞ ተገኘ?» ወደሚለው መዛወር አለበት። ይህን መለወጥ አዲስ ብድር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያለውን ገንዘብ በሌላ መዝገብ መያዝ ነው።

በሕግ ደረጃ ባለቤቱ ግልጽ ይመስላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51(11) ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። ላህ ወደ ብር፣ ብርና ሌላው የአካባቢው ወንዝ ፈጣምም ወደ አባይ ስለሚገቡ ከዚህ ድንጋጌ የሚያመልጥ ወንዝ በአካባቢው የለም ማለት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ ከዓላማዎቹ መካከል ውሃ የሚያስከትለውን ጉዳት መከላከልን ይጠቅሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89(3) መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ከደረሰም ለተጎጂው በወቅቱ የመድረስ ግዴታ አለበት ይላል። እንግዲህ ወንዙ የፌዴራል ነው። ጎርፉ ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን አርሶ አደሩ የሚሄደው ወደ ቀበሌ ነው። ቀበሌው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጽፋል። ግብርናው እርከንን እንጂ ወንዝን አያውቅም፤ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ዋና ሥራ የመጠጥ ውሃ ነው፤ አደጋ መከላከል የሚባለው ክፍል ደግሞ እህልና ብርድ ልብስ ሲታደል ነው ስሙ የሚነሣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ የታሰበ ተቋም ነበር። በ1999 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 534 የወንዝ ተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን ለማቋቋም መንገድ ከፈተ፤ በዓመቱ የአባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱን ባሕር ዳር አድርጎ ተመሠረተ። ውሃ የዞን ወሰን ስለማያውቅ አስተዳዳሪውም ተፋሰሱን ይከተል የሚለው ሐሳብ ትክክለኛ ነበር። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ በ2011 ዓ.ም ገደማ በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለለ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1263 የተፋሰስ አስተዳደሩን ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ መስኖውን አዲስ ለተቋቋመው የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር አከፋፈለው። እያንዳንዱ ማሻሻያ በወቅቱ የራሱ ምክንያት ነበረው። የጋራ ውጤታቸው ግን አንድ ክትር በፈረሰ ጊዜ «ይህ በየትኛው መሥሪያ ቤት ዘመን ተሠራ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ መዝገብ አለመኖሩ ነው። ተቋም በተለወጠ ቁጥር የሚተላለፈው ተሽከርካሪና ሠራተኛ ነው፤ የተሠሩ ሥራዎች ዝርዝር ከእነ ይዞታቸው ሲተላለፍ እምብዛም አይታይም።

ጎርፉ እንዴት እንደሚጀምር ለማየት ከወንዙ ወደ ማሳው መውጣት ያስፈልጋል። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በርበሬያቸው የታወቀ ነው፤ በርበሬ ደግሞ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው በሐምሌ ማረሻውን አሰማርቶ ማሳውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ትርፉን ውሃ ይሰበስብና ከማሳው ያስወጣል። ወዴት? ወደ ጎረቤት ማሳ፣ ወደ ግጦሽ መሬት ወይም ወደ መንገድ። የላይኛው ሰው ፈሰስ የታችኛውን ሰው ጤፍ ጠርጎ ሲሄድ ሽምግልና ይቀመጣል። አንዱ ቢከሰስም ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን የሚቀበል የጋራ መውረጃ ቦይ ማንም አላዘጋጀለትም። ፈሰሱ በየዓመቱ በዚያው ቦታ ሲፈስስ መሬቱን ይቆርጠዋል፣ መጀመሪያ በእርምጃ የሚታለፍ፣ ቀጥሎ በሬ የሚገባበት፣ በመጨረሻም ቤት የሚውጥ ቦረቦር ይሆናል። መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፤ ቦረቦሩ ግድግዳውን እየናደ አናቱን ወደ ላይ ይገፋል። በላህና በብር ላይ የምናየው ቀይ ሙላት ከእነዚህ ሺህ ትንንሽ መውረጃዎች የተጠራቀመ ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ በምዕራብ ጎጃም ለአርባ ዓመታት ያህል የተለካ ነገር ነው። በ1976 ዓ.ም ደምበጫ አካባቢ አንጀኒ ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አካል ነበር። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው፤ ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,600 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በ1978 ዓ.ም አፈሩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው ፋንያ ጁ የተባለ እርከን ገባ፤ የሚወርደው ውሃና ደለልም ይመዘገብ ነበር። እርከኑ የአፈሩን መከላት በጉልህ ቀነሰ፤ ማሳዎቹ ቀስ በቀስ ደረጃ እየሠሩ ሄዱ። የሰብል ምርቱ ግን በተጠበቀው ፍጥነት አላደገም፤ እርከኑ መሬት ይይዛል፣ ከጀርባው ውሃ ያቁራል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ደብረ ማዊ ላይ የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉት ክትትል ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። ክረምቱ ከገፋ በኋላ ጎርፉ በአመዛኙ የሚነሣው ውሃ ከጠገበው ከታችኛው መሬት ነው፤ ከደለሉም ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ቦረቦሩ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ትርጉማቸው ለበጀት ያዥ ግልጽ ነው። ተራራው ላይ የሚሠራው እርከን ያስፈልጋል፤ ጎርፉን የሚቀንሰው ገንዘብ ግን ከታች፣ ቦረቦሩ አናት ላይ፣ በሽቦ ቅርጫት በታሰረ ድንጋይ (ጋቢዮን) እና በተነጠፈ መውረጃ ላይ መዋል ይኖርበታል።

የሚውለው ግን እንዲያ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይካሄዳል፤ ገበሬው ዶማና አካፋ ይዞ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ይወጣል። ይህን ያህል ጉልበት ያለ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የቻለ አገር ብዙ የለም፤ ሊከበር የሚገባው ነገር ነው። ዘመቻው የሚለካበት ሚዛን ግን ሄክታር ነው። የቀበሌው ልማት ሠራተኛ በቀን መጨረሻ ለወረዳ የሚልከው የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር፣ የተሸፈነ መሬት በሄክታር፣ የወጣ ሕዝብ በቁጥር ነው። ቦረቦር አናት ላይ ሃምሳ ሰው ሁለት ሳምንት ለፍቶ የሚሠራው ክትር በሄክታር ሲቆጠር ምንም አይደለም፤ ለጥ ባለ ተዳፋት ላይ በግማሽ ቀን የተጣለ እርከን ግን ትልቅ ቁጥር ይሆናል። ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የሚጠየቅበትን ይሠራል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ተዳፋት እንደ አዲስ ተቆጥሮ ሪፖርት ሲደረግ የሚጠይቅ የለም፣ ምክንያቱም ያለፈው ዓመት እርከን ፈርሶ ይሁን ቆሞ የሚመዘግብ ቅጽ አልተዘጋጀም።

የጊዜ ጉዳይም አለ፣ እርሱም ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ለምዕራብ ጎጃም ይህ የክረምቱ እምብርት ነው። በጀት ታውጆ፣ ለክልል ተደልድሎ፣ ከክልል ለወረዳ በጥቅል ድጎማ ወርዶ፣ ግዥ ተፈጽሞ የጋቢዮን ሽቦ ወረዳ እስኪደርስ መስከረም ያልፋል። የዚያ ዓመት ጎርፍ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ቀጥሎ ያለው የበጋ ወራት ለግንባታ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፣ የቀረውን ጥቂት ካፒታል በጀት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይሻሙታል። ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሩጫ ይመጣል፤ ያልተነካው ገንዘብ ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት። ገና ያልጠበቀ ግንብ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የሚያርፍበት ያኔ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ጥገና ተለይቶ የሚያዝ ገንዘብ እምብዛም አይታይም፤ የፈረሰ ክትር ለመጠገን ወረዳው ወይ የሚቀጥለውን ዘመቻ መጠበቅ ወይ አዲስ ፕሮጀክት ብሎ መጠየቅ ነው ያለው ምርጫ።

ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ነገሩን ያቃልለው ይሆን? ያወሳስበዋል። የልማት እርዳታ ወደ ወረዳ የሚወርደው በተለምዶ ቻናል አንድ፣ ሁለትና ሦስት በሚባሉ መንገዶች ነው፤ አንዱ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል፣ ሁለተኛው በየሴክተር መሥሪያ ቤቱ፣ ሦስተኛው ለጋሹ ራሱ በሚያወጣው። የወረዳው ምክር ቤት የሚያጸድቀውና የሚጠይቀው በአመዛኙ በመጀመሪያው የመጣውን ነው፤ ሌላው ከፊቱ ያልፋል። ትልልቆቹ ሥራዎች ደግሞ ከወረዳም ከዞንም በላይ ናቸው። ያኔ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በነበረችው ሜጫ ወረዳ መርአዊ አጠገብ የተገነባው የቆጋ ግድብ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራ ነው፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ይይዛል፣ 7,000 ሄክታር ለማልማት ታቅዷል፣ ከበላዩም 22,000 ሄክታር ተፋሰስ እንዲጠበቅ በፕሮጀክቱ ውስጥ ተካትቶ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለክርክሬ ትልቅ ነው፤ ግድብና ተዳፋት በአንድ ሰነድ፣ በአንድ ሒሳብ ሊያዙ እንደሚችሉ ያሳያል። ሆኖም ግንባታው ከተያዘለት ጊዜና ገንዘብ አልፏል፤ ከተጠናቀቀም በኋላ በቦዮቹ ስንጥቅና በደለል ላይ የሚሰማው ቅሬታ ያው የጥገና ባለቤት ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ የፌዴራል ባለሙያ ሊያነሣ የሚችለው ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። የጎርፍ ገንዘብ ሕይወት ወደሚጠፋበት መሄድ አለበት። በ1998 ዓ.ም ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ፣ በነሐሴ ደቡብ ኦሞ ላይ ከ300 በላይ ሰው ሞተ፤ በዚያው ክረምት ፎገራና ደንቢያ ተጥለቀለቁ። የዓለም ባንክ በ2015 ዓ.ም ያጸደቀው የ300 ሚሊዮን ዶላር የጎርፍ አስተዳደር ፕሮጀክትም ትኩረቱን ያደረገው በአዋሽ፣ በኦሞና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰሶች ላይ ነው። የጎጃም ጎርፍ ማሳ ይበላል እንጂ ከተማ አያሰጥምም ይባላል። ምርጫው ስህተት ነው አልልም። ግን በአንድ ሌሊት መቶ ሰው የሚገድል ጎርፍና በሠላሳ ዓመት አንድ ቀበሌን መሬት አልባ የሚያደርግ ቦረቦር በአንድ ሚዛን ሊዳኙ አይችሉም። ሁለተኛው በዜና አይወጣም፤ አፈሩ ግን አይመለስም። ደግሞስ የጎጃም አፈር የት ነው የሚሄደው? ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ወደተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ወደሚይዘው ወደ ህዳሴው ግድብ ነው። አገሪቱ በቦንድና በመዋጮ የገነባችውን ግድብ ዕድሜ የሚወስነው ደለል ከላህና ከተምጫ አናት ላይ ይነሣል። ይህን ደለል ማስቀረት የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳይ እንዲሆን ከዚህ በላይ ምክንያት ማቅረብ አይቻልም።

ሌላው ተቃውሞ ቁጥጥር ማለት ቢሮክራሲ ነው የሚል ነው። ገበሬው በነፃ የሠራውን እርከን ኦዲተር ይቆጥረዋል እንዴ? ይህ ተቃውሞ ኦዲትን ከደረሰኝ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ነፃ ጉልበት ወጪ የሌለው የሚመስለው ከላይ ሲያዩት ነው፤ ለገበሬው የሳምንታት ሥራ ነው፣ በከንቱ ከፈሰሰ የእርሱ ኪሳራ ነው። ሕዝብ ራሱ ሲቆጣጠር ምን እንደሚሆን ደግሞ እዚሁ አማራ ክልል ታይቷል። በፊንላንድ ድጋፍ በተካሄደው የገጠር የመጠጥ ውሃ ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ እንዲደርስ ተደረገ። ኮሚቴው ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ለወረዳው ሒሳብ ያቀርባል። እንዲህ የተሠሩት የውሃ ተቋማት አገልግሎታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ በመገኘቱ አሠራሩ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። ቦረቦር ከምንጭ ማጎልበት ይለያል፤ ምንጭ ውሃ ይሰጣል፣ ቦረቦር የሚሰጠው ነገር የለም፣ ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን በባሕላዊ መስኖ የውሃ አባት መርጦ ተራ የሚያስከብር፣ ቦይ በጋራ የሚጠርግ ማኅበረሰብ የፈሰስ መውረጃውንም በዚያው ሥርዓት ማስተዳደር አይሳነውም። በ2006 ዓ.ም የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኙ ፈቅዷል፤ ፈሰስና ቦረቦር የሚያስተዳድር ማኅበርም በዚሁ ምሳሌ ሊደራጅ ይችላል።

ስለ ግጭቱ ሳይነሣ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ውጊያ ምዕራብ ጎጃምን ክፉኛ ነክቷል፤ ባለሙያ ወደ ቀበሌ መውጣት የማይችልበት ወቅት ብዙ ነው። በዚህ ሁኔታ ስለ በጀት ርዕስ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው አለ። ክረምቱ ግን ለሰላም ድርድር አይጠብቅም፤ የቦረቦሩ አናት ሰው ሲዋጋም ይገፋል። እንዲያውም ቢሮው በማይደርስበት ጊዜ በቀበሌው እጅ ያለ ገንዘብና በቀበሌው የተያዘ መዝገብ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁሉንም ከላይ የሚጠብቅ አሠራር መንገድ በተዘጋ ቁጥር አብሮ ይዘጋል።

ገንዘቡስ ከየት? አዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ባለሥልጣናት ከውሃ ተጠቃሚዎች ክፍያ እንዲሰበስቡ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። አዋሽ ላይ ለመስኖ በ1,000 ሜትር ኪዩብ 3 ብር ይከፈል ነበር፤ ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ቢሆንም መርሁ አለ። ከአባይ ውሃ ኤሌክትሪክ ከሚሸጠው፣ ከቡሬው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውሃ ከሚወስደው፣ በቆርቆሮ ጣሪያና በአስፋልት ዝናቡን ወደ ታች ከሚልከው ሁሉ ትንሽ ድርሻ ወስዶ ለላይኛው ተዳፋት መመለስ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኔዘርላንድ ውስጥ የውሃ ቦርዶች ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አሉ፤ የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ፣ አመራራቸው በአብዛኛው በምርጫ ይመጣል፣ ገንዘቡ ከሌላ በጀት ጋር አይቀላቀልም። ያን የሚያህል ሀብት የለንም። የገንዘቡ አለመቀላቀል ግን ሀብት አይጠይቅም፤ ለመጠጥ ውሃና ንጽሕና በ2006 ዓ.ም የተጀመረው ዋን ዋሽ ፕሮግራም የልዩ ልዩ ለጋሾችን ገንዘብ በአንድ ቋት ማስገባት እንደሚቻል አሳይቷል።

በግንባታ ውል ውስጥ ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ሲጨርስ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ ከክፍያው ጥቂት በመቶ መያዣ ይቀራል፣ በተለምዶ ከአንድ ዓመት በኋላ የመጨረሻ ርክክብ ተፈጽሞ መያዣው ይለቀቃል። ለትምህርት ቤት ሕንፃ ይህ ያስኬዳል። ለጎርፍ መከላከያ ግን አንድ ዓመት ማለት አንድ ክረምት ነው፤ ያ ክረምት ዝናቡ የቀለለበት ከሆነ ሥራው ሳይፈተን ይተላለፋል። የክልሉ ምክር ቤት ለጎርፍና ለቦረቦር ሥራዎች የመጨረሻውን ርክክብ ሦስተኛው መስከረም ላይ እንዲሆን፣ መያዣውም በሦስት ተከፍሎ በየመስከረሙ በቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ፊርማ እንዲለቀቅ መመሪያ ማውጣት ይችላል። የክልሉ ዋና ኦዲተርም በየዓመቱ ከዚህ ቀደም የተረከቡ ጥቂት ክትሮችን በዕጣ መርጦ፣ ቆመው ወይም ፈርሰው እንደሆነ በፎቶ አስደግፎ፣ ለምክር ቤቱ በይፋ ቢያቀርብ ሥልጣኑን ከመጠቀም ያለፈ ነገር አያደርግም። በላህ ድልድይ ላይ የሙላቱን ጫፍ ራሱ የሚመዘግብ መለኪያ መትከል ደግሞ ከአንድ መለስተኛ ድልድይ ጥገና ያነሰ ወጪ ነው፤ የመጀመሪያው ግዥ እርሱ ቢሆን ቀጣዩ ንድፍ ጧት በተገኘው የጎደለ ቁጥር ላይ አይቆምም።